ልጆቻችን ሌሊት ምን ለብሰው ይተኙ?



በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ፣ በልደታ ማርያም አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ፣ ባልና ሚስት የአራት ወር ሕፃናቸውን ታቅፈው መጡ። «ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ያቃጥላል» አሉኝ። ሕፃኑን ስገላልጠው ሁለት ሹራብ፣ የናይለን ቱታና የሱፍ ኮፍያ ለብሶ፣ በላዩም በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አንገቱ በላብ ርሷል፤ በአንገቱ እጥፋት የሙቀት ሽፍታ ወጥቷል። መርምረነው፣ ልብሱን አቅልለንለትና እናቱ ካጠባችው በኋላ ስንለካው ሙቀቱ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። እናትየዋ «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው እኮ!» አለችኝ።

ስጋቷ ተገቢ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ቶሎ ያመልጣል፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ ብርድም ሙቀትም እኩል ይጎዱታል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱም ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

1. ምን ያህል ልብስ ይበቃዋል?

ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። በመሆኑም እናንተ በዚያው ክፍል ከምትለብሱት አንድ ልብስ ብቻ ጨምሩለት። እጁና እግሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ በርዶታል አያሰኝም። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ፤ ለብ ያለና ደረቅ ከሆነ ተመችቶታል ማለት ነው። ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱ፤ ከቀዘቀዘ ጨምሩ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በብብት ሲለካ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ሆዱ ጭምር ከቀዘቀዘና መጥባት ካቃተው፣ በእናቱ ገላ ላይ ለጥፋችሁ፣ ከላይ ሸፍናችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። ትኩሳት ሲኖረውም «ልብስ በዝቶበት ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑ፤ አስመርምሩት።

2. አተኛኘቱና አጠቃለሉ

ሕፃን በጀርባው ይተኛ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከደረቱ በላይ አይለፍ፤ ፊቱን ከሸፈነው ሊያፍነው ይችላል። ኮፍያ በተወለደ ሰሞን ይጠቅመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ሲተኛ ይውለቅ። ስትጠቀልሉት እግሮቹን ቀጥ አድርጋችሁ አትሰሩ፤ የዳሌው መጋጠሚያ ሊጎዳ ስለሚችል እንደ ልቡ የሚያጥፍበት ቦታ ይኑረው።

ሌሊት ልብሱን እየገፈፈ ለሚያስቸግር ልጅ፣ የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ከንጹሕ አሮጌ ጋቢ እጅጌ የሌለው ከረጢት መሰል ልብስ ሊሰፋላችሁ ይችላል። ከታች ሰፊ ሆኖ፣ አንገቱ ግን ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ እንዳይሾልክ ልክ መሆን አለበት።

3. እሳትና የሌሊት ልብስ

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ሰፊና ዘርፋፋ ቀሚስ ጫፉ ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማ ወይም ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር በቀላሉ ይነካካል፤ በጨርቁና በገላ መካከል ያለው አየርም እሳቱን ያፋጥነዋል። ናይለንና ፖሊስተር ሲቃጠሉ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ጥጥ ገላን ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን እሱም ይነዳል። ስለዚህ የሚመረጠው ገላ ላይ ልክ የሆነ፣ እጅጌውና እግሩ የተሰበሰበ የጥጥ ቢጃማ ነው። ሱፍ ሹራብ ካስፈለገ ቆዳውን እንዳያሳክከው ከሥሩ ጥጥ ይልበስ።

በአሜሪካ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልጆች ቢጃማ ትሪስ በተባለ እሳት መከላከያ ኬሚካል ይነከር ነበር። ካንሰር ያመጣል የሚል ስጋት በመነሣቱ በ1977 ለልጆች ልብስ እንዳይውል ታገደ። በ1996 ደግሞ ገላ ላይ ልክ የሆነ ቢጃማ ያለ ኬሚካል ጭምር እንዲሸጥ ተፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው የልብሱ ልክ መሆን ራሱ መከላከያ መሆኑን ነው።

ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቤተሰብን ተኝቶ እንዳለ ይገድላል። ከጭቃ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ በተለይ አስተውሉ፤ ቤቱ ድፍን ስለሆነ አየር እንደ ልብ አይገባም። በክረምት እርጥብ ልብስንም ከሰል ላይ ዘርግታችሁ አታድርቁ፤ ይልቁንም ሦስት ቅያሪ ይኑረው።

4. ሳልባጅ ስትገዙ

ሳልባጅ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም፤ ጥሩ የጥጥ ልብስ በርካሽ ይገኝበታል። ሆኖም ልጁ ሳይለብሰው አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት። የላላ ቁልፍ አጥብቃችሁ ስፉ፤ ልጅ ነቅሎ ሊውጠው ይችላል። የአንገት ማሰሪያና የኮፍያ ገመድ አውጡ። የካልሲውን ውስጥ ገልብጣችሁ የተመዘዘ ክር ካለ ቁረጡ፤ የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ማተብም ቢሆን ረጅም ከሆነ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል፣ ሌሊት አውልቃችሁ ንጹሕ ቦታ አኑሩት።

5. ልብሱ ቢቀጣጠልስ?

ልጁ እንዳይሮጥ ያዙት፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አንከባሉት ወይም በወፍራም ጋቢ ጠቅልላችሁ እሳቱን አጥፉ። ቆዳው ላይ ያልተጣበቀውን ልብስ አውልቁ፤ የተጣበቀውን ግን አትላጡ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዙ፤ ሌላው ገላው እንዳይበርደው ሸፍኑት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ቡና አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለማጠቃለል፣ ልጅን አልብሶ ማስተኛት የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። አባት ሆይ፣ ማታ ከመተኛትህ በፊት ከሰሉ ከቤት መውጣቱን፣ ሻማው መጥፋቱን አረጋግጥ፤ ከዚያም የልጅህን ደረት ዳስስ። ከላይ የጠቀስኳቸው ባልና ሚስት በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡ ሕፃኑን አቅፎት የነበረው አባትየው ነው፤ «ሲስተር፣ አሁን ማታ ማታ የምዳስሰው እኔ ነኝ» አለኝ።