የድንቅነሽን ልደት ማን መዘገበው?

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ የሰባት ዓመት ሴት ልጃችንንና የአራት ዓመት ታናሽ ወንድሟን ይዘን አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም አመራን። ምድር ቤት ወርደን በድንቅነሽ (ሉሲ) አፅም ቅጂ ፊት ቆምን። ትንሹ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ያህል ብቻ መሆኑን ሲሰማ ሊለካካት ተንጠራራ። እኅቱ ግን 3.2 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር አልዋጥላት ብሎ፣ «አባዬ፣ ልደቷን ማን መዘገበው?» አለችኝ።

«ሳይንቲስቶች ናቸው» ብዬ ላልፍ ስል ራሴን ታዘብሁ። ተማሪዎቼ ስሌቱን ሳያሳዩ ውጤት ብቻ ሲጽፉልኝ ነጥብ የምቀንስ መምህር፣ ለልጄ ያንኑ ላደርግ ነበር!

«ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ባልዲ ብናስቀምጥ፣ ስንመለስ ውኃውን ለክተሽ ስንት ሰዓት እንደቆየን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «መጀመሪያ ባዶ ከነበረ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር፣ በአፋር ምድር የተገኘችው የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን ከሥሯ ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም 40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ይፈርሳል፤ ከሚፈርሰውም 11 በመቶ ያህሉ አርጎን 40 የተባለ ጋዝ ይሆናል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ስለሚያመልጥ ባልዲው ባዶ ነው። ከጠጠረ በኋላ ግን የሚፈጠረው አርጎን በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ልኬት አመዱ 3.18 ሚሊዮን ዓመት እንዳለው አሳየ፤ ከአመዱ በላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በዕድሜ ከዚያ በጥቂቱ ታንሳለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ከ10,000 የፖታሲየም 40 አቶሞች የፈረሱት 18 ያህል፣ ወደ አርጎን የተለወጡትም 2 ያህል ብቻ ናቸው። ይህን ጥቂት ጋዝ የሚለካው መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል።

እንግዲህ በመማሪያ መጽሐፍም ሆነ በሙዚየም ታላቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ ሸምድዳችሁ አትለፉ። ጠብታው በምን ፍጥነት ይወርድ ነበር? ባልዲውስ በእርግጥ ባዶ ነበርን? ብላችሁ ጠይቁ። ልጄ ፊዚክስ ገና አልተማረችም፤ ይህን ግን መጠየቅ አልተሳናትም።