የሌሊት ቃልና የጧት ቃል

ሕመም የጸናበት ሰው ወደ ልጅነት ልሳኑ ይመለሳል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ፣ በአረጋውያን ሕሙማን ክፍል በነርስነት ሳገለግል ይህን የማላይበት ሌሊት የለም፤ ቀን ከጠያቂዎቻቸው ጋር በተስተካከለ እንግሊዝኛ ሲጨዋወቱ የዋሉት የቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ መብራቱ ዝቅ ብሎ ሕማማቸው ሲበረታ፣ አያቶቻቸው ይናገሩበት በነበረው በዮርክሻየር ዘዬ ይጠሩኛል፤ የሚናገሩትም ቃል ላልለመደው ጆሮ ሻካራ ቢመስልም፣ ለነገረ ሕማማቸው ከሁሉ ይልቅ የታመነ ምስክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ሽማግሌ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠርተውኝ «ስታርቭድ» ሆኛለሁ አሉኝ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚማሩት እንግሊዝኛ በዚህ ቃል የሚናገረው ረኀብን ነው፤ በሰሜኑ ዘዬ ግን በብርድ መጎዳት ማለት ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግሡ «ሞተ» የሚል ትርጓሜ ነበረውና ሌላው አገር ለረኀብ ሲያውለው ሰሜኑ ለብርድ ጠብቆ አኖረው። እጃቸውን ብዳስሰው ቀዝቅዟል፤ ሙቀታቸውንም ብለካው 35 ዲግሪ አልሞላም፤ ስለዚህ በሞቀ ብርድ ልብስ ሸፍነናቸው ተረኛውን ሐኪም አስጠራን። ዘዬውን የማያውቅ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ዳቦና ሻይ አቅርቦላቸው በሄደ ነበር።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን ሌሊት እንዲህ በግልጽ የተነገረው ቃል ጧት መለወጡ ነው። እኚያ ማዕድን ቆፋሪ ጎናቸውን ይዘው «ኖበት ሚድሊን» ሲሉኝ ያድራሉ፤ የቃሉ ፍች «እንዲያው መካከለኛ ነኝ» ቢሆንም፣ ማማረርን እንደ ነውር በሚቆጥረው በዚያ ትውልድ አፍ በብርቱ ታምሜአለሁ ማለት ነው። ነገር ግን ስፔሻሊስቷ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ለራውንድ ሲገቡ፣ እኒሁ ሰው ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና ይላሉ፣ አንገትጌያቸውን ያስተካክላሉ፣ አንደበታቸውንም አርመው በራዲዮ እንግሊዝኛ «በጣም ደኅና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ዶክተር» ይላሉ። ከልሳናቸው ጋር ሕማማቸውንም ይሸሽጉታል፤ በመዝገቡ የሚሰፍረውም ይኸው የጧቱ ቃል ነው።

ይህ እፍረት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በልጅነታቸው የአካባቢያቸውን አነጋገር በትምህርት ቤት ሲያሰሙ ይገሠጹ እንደ ነበር ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ አጫውተውኛል። እ.ኤ.አ. በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ቢቢሲ የሃሊፋክሱን ተወላጅ ዊልፍሬድ ፒክልስን ዜና አንባቢ ባደረገ ጊዜም፣ የዮርክሻየር አነጋገር ለዜና ክብር አይመጥንም ብለው የተቃወሙ አድማጮች ተነሥተው ነበር። ዛሬም ቢሆን አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች የዘዬ ቃል በሰሙ ጊዜ ተናጋሪውን ያልተማረ አድርገው በመገመት ጥያቄያቸውን ሲያሳጥሩ፣ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ለሕፃን እንደሚነገር ሲናገሩ እመለከታለሁ፤ በዚህም ከልቤ አዝናለሁ።

እነዚህ ወጣቶች የጆሴፍ ራይትን ታሪክ ቢያውቁ እወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 በብራድፎርድ አጠገብ የተወለደው ይህ የድኻ ልጅ፣ ገና በሰባት ዓመቱ ገደማ በሳልቴር ፋብሪካ ሥራ ገብቶ፣ እስከ 15 ዓመቱ ድረስ ፊደል ሳይለይ ያደገ ሲሆን፣ በኋላ ግን በ1901 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ ልሳን ፕሮፌሰር ሆኖ ለመንበር በቃ፤ ከ1898 እስከ 1905 ባሳተመው ባለ ስድስት ቅጽ የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላትም ጸያፍ ይባል የነበረውን የእናት የአባቱን አነጋገር ከሊቃውንት ጉባኤ አቀረበው። ከእርሱም በኋላ የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ኦርተን ከ1950 እስከ 1961 በ313 ስፍራዎች ጠያቂዎች እየላከ የገጠር ሽማግሌዎችን ንግግር አስመዘገበ፤ ከ1,300 ከሚበልጡት ጥያቄዎች አንዱ ክፍል በሙሉ ስለ ሰው አካል የሚጠይቅ ነውና፣ በእኔ አስተያየት ከሕክምና ተማሪ እጅ መራቅ የማይገባው ሥራ ነው።

እኔ በበኩሌ ሕሙማኑ ሌሊት የሚነግሩኝን ቃል ሳላርም በትእምርተ ጥቅስ ከትቼ በመዝገባቸው እጽፋለሁ፤ ከሥሩም ፍችውን አኖራለሁ። ስለ ማዕድን ቆፋሪውም እንዲሁ ጽፌ ነበርና፣ ስፔሻሊስቷ አንብበው ተማሪዎቹን አስቀደሟቸው፤ ወንበርም ስበው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። በታረመው እንግሊዝኛቸው ማንም አልጠረጠረም እንጂ እርሳቸውም የዮርክሻየሯ የባርንስሊ ከተማ ልጅ ኖረዋል፤ በዚያው በአገራቸው ዘዬ «ጎንዎን ምን ነካው?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ ሲያስሉም መሐረባቸው ላይ ደም እንደሚያዩ በገዛ ልሳናቸው ዘርዝረው ነገሯቸው፤ ከቀትር በፊትም የደረት ራጅ እንዲነሡ ታዘዘ።