የመጋዝ ብሎን

አሮጌ የእጅ መጋዝ ሲያመጡልኝ ዝገቱን አላይም፤ ዝገት ይለቃል። መጀመሪያ የማየው ጥርሱን ነው። ጫፉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ሥሪት ነው፤ ጥርሱ በሙቀት ስለጠነከረ ሞረድ አይበላውም፣ ሲደነዝ ይጣላል። እዚህ ሆሳዕና ሱቅ ውስጥ የማገኘው በብዛት እንዲህ ያለው ነው። የድሮው ግን ሞርሳ ላይ ታስሮ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይሳላል፤ ጥርሱም አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ዘመም ይደረጋል። ዘመም ካላለ እርጥብ ባሕር ዛፍ መሐል ይቀረቀርና ለሁለት ቢጎትቱትም አይወጣም።

ቀጥሎ እጀታውን እገለብጣለሁ። የነሐስ ማኅተሙ «ዋራንትድ ሱፒሪየር» ካለ፣ የፋብሪካ ስም መስሏቸው ዋጋ የሚቆልሉ አሉ፤ ብዙ አምራቾች የተጠቀሙበት የጥራት ቃል ነው እንጂ ስም አይደለም። «ዲስተን» ካለ ግን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እንግሊዝ የተወለደው ሄንሪ ዲስተን እ.ኤ.አ. በ1840 ፊላደልፊያ ላይ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው በ1874 ያወጣው ዲ-8 የሚባለው መጋዝ ጀርባው ቀጥ ያለ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፤ በዚህም ጫፉ ቀለል ብሎ እጅ አያደክምም። እኔን የሚገርመኝ ግን ብሎኑ ነው። አንዳንዶቹ ላይ «ዲሴምበር 27፣ 1887» የሚል የፓተንት ቀን ተቀርጿል። እጀታውን ለያዘ ብሎን ፓተንት!

እኛም ሕጉ አለን። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ 5 ሊጨመርበት ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ ለ5 ዓመት የሚያገለግልና ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ የምስክር ወረቀት አለ። የፓተንቱን ያህል የረቀቀ ፈጠራ አይጠይቅም። ለአናጺ ታስቦ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ፤ አናጺው ግን አልሰማም።

ዱራሜ ያለ አንድ ወጣት አናጺ መጋዙን የሚስለው በሁለት የዋንዛ ጣውላ መሐል አጣብቆ ነው። ጣውላዎቹን በእግር የሚረገጥ ገመድ ያጠብቃቸዋል፤ ሁለት እጁ ለሞረድ ነጻ ነው። እግሩን አነሳ ሲያደርግ መጋዙ ይላላል፣ ትንሽ ገፋ አድርጎ መልሶ ይረግጣል። ሞርሳ ማላላትና ማጥበቅ ቀረ ማለት ነው። አስመዝግበው ስለው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄም ፈጠራ ተብሎ?»

የብሎኑን ነገር አጫወትኩት። ሰጋቱራውን ከእጁ እያራገፈ ትንሽ አሰበና፣ «ክፍያው ስንት ነው?» አለኝ።