ቀብድ የሚበላው መቼ ነው?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጠዋት፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቁርስ ቤት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርገው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የመጡ እንግዶች ቡና ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። ዕቅዳቸው የበበቃን የቡና እርሻ አይተው ወደ ማጂ ተራሮች መውጣት፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ መውረድ ነው። ሌሊቱን ግን ሲዘንብ አድሯል። ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ጎማው ላይ የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ራሱን ይነቀንቃል። ከእንግዶቹ አንዱ «በል ወንድሜ፣ ገንዘባችንን መልስልን» ይላል። አስጎብኚው ደግሞ «ጋሼ፣ ቀብድ እኮ አይመለስም» ይላል።

ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ሕጉን ግን ሁለቱም የያዙት በግማሹ ነው።

ከአስጎብኚው እንጀምር። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው አባባል ከመርካቶ እስከ ቴፒ ገበያ የሚሠራ ይመስላል፤ ቤት የተከራየ፣ ድንኳን ያዘዘ፣ በሬ የገዛ ሁሉ ሰምቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ የደነገገው ግን ሁለት ስለት አለው። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 20,000 ብር ቀብድ የተቀበለ አስጎብኚ የተሻለ የሚከፍል ቡድን ስላገኘ ብቻ መኪናውን ለሌላ ቢሰጥ፣ የሚጠየቀው 40,000 ብር ነው። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የሚጠቅስ ተቀባይ ብዙም አይገኝም፤ ሰጪውም አያነሳውም!

ስሙም ራሱ ጣጣ አለው። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚል ካልሰፈረና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ካለ፣ የቀብድ ደንብ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ክርክር ይከተላል። ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ድርሻ ነው፤ አገልግሎቱ ሳይሰጥ ሲቀር የሚጠየቀውም በዚሁ ስሌት ነው። ደረሰኙ ላይ ያለች አንዲት ቃል የብዙ ሺህ ብር ልዩነት ታመጣለች።

የእንግዳው እምነት ደግሞ ሌላ ነው፦ ካልረካሁ ይመለስልኛል። እዚህ ላይ ማጂ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1931 መቀመጫውን ማጂ ያደረገው የእንግሊዝ ቆንስላ ሹም ካፒቴን ሪቻርድ ዌሊ ከዚህ አካባቢ የቡና ዘር አሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንጋኒካና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ «ጌሻ» የሚለውን ስም ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። ዛሬ ያንን ታሪክ ያነበበ ቡና ወዳጅ ጫካውን ለማየት ይመጣል። በሐሳቡ ያለው በነጭ አበባ የተሸፈነ ቡና ነው። አበባው ግን ዝናብ ካገኘ በኋላ ከሳምንት በጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ይፈነዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያምራል፣ ከዚያ ይረግፋል። በአራተኛው ቀን የደረሰ እንግዳ ያገኘው አረንጓዴ ቅጠልና ቡናማ የአበባ ገለባ ነው።

ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ገንዘቡን አስመልሳለሁ ካለ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምን ተብሎ ነበር? አስጎብኚው «የቡና ጫካ አሳያችኋለሁ» ብሎ ጫካውን ካሳየ የገባውን ፈጽሟል። «አበባው ላይ አደርሳችኋለሁ» ብሎ ቀን ቆርጦ ዋጋ ከጨመረበት ግን የአበባው መርገፍ የእንግዳው ዕዳ ብቻ አይሆንም። ኦሞ ፓርክ ገብቶ ዝሆን ሳያይ የተመለሰውም እንደዚሁ ነው። ፓርኩ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዝሆኑ ደግሞ በማንም ፕሮግራም አይመራም።

ባሕር ውስጥ ጠልቆ የመዋኘት ጉዞ በሚሸጥበት አገርም ንግዱ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጅቡቲ ወርዶ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ወይም ውኃው ደፍርሶበት ክንዱን ያላየ ሰው፣ ዕድሉን ከማማረር ያለፈ ብዙ አያገኝም። የተከራየው የአየር ጋን ጎድሎ ከተገኘ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ትጠልቃለህ ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ግን ነገሩ የዕድል አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን ልዩነት በሸማቹ በኩል ያጠነክረዋል። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። የተሰጠው አገልግሎት ጉድለት ካለበት፣ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ የነበረው ሎጅ ቀርቶ ውኃ የሌለው አልጋ ቤት የተሰጠው ሰው የሚያነሳው አቤቱታ ከአበባው አቤቱታ ጋር አንድ አይደለም። አሥራ አምስት ቀን ግን ቶሎ ያልፋል፤ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ሥራ ገብቶ፣ «እስቲ በኋላ» ሲል የከረመ ሰው ቀኑ ሲያልፍበት አያስተውልም።

አሁን ወደ ዝናቡ። «ዝናብ የእግዜር ሥራ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም» የሚለው ለጆሮ የሚጥም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ግን በቁጥር 1792 መሠረት ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ግዴታውንም ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚከለክለው ነገር ሲሆን ነው። ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የአገሪቱ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ያለበት ምድር ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ ብዙ ነው። ነሐሴ ላይ የማጂ መንገድ ይጨቀያል ብሎ ያላሰበ አስጎብኚ የሙያውን ሀሁ ዘሎታል። ያልታሰበ ጎርፍ ድልድይ ቢወስድ ወይም መንግሥት መንገዱን ቢዘጋ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉም የተፈጥሮ አደጋንና የመንግሥት ክልከላን በምሳሌነት ይጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አስጎብኚውን የሚያድነው ከካሳ ነው። ያልተሰጠውን አገልግሎት ዋጋ ኪሱ ያስቀር ማለት አይደለም። ውሉ ከተሰረዘ ሕጉ በተቻለ መጠን ሁለቱንም ወገኖች ውሉ ባይኖር ኖሮ ወደሚገኙበት ቦታ ይመልሳል፤ ለተሄደው መንገድና ለታደረበት ሌሊት የወጣው ግን ተለይቶ ይታሰባል።

«ያልተፈረመ ውል ውል አይደለም» የሚሉም አሉ። ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር በቃል የተደረገ ስምምነትም ውል ነው። ችግሩ ማስረዳቱ ነው። በዚህ ረገድ ስልክ ብዙ ነገር ቀይሯል፦ የቴሌብር መልእክቱ ቀንና መጠን ይዟል፣ ቴሌግራም ላይ የተላከው የጉዞ ፕሮግራምም ተቀምጧል።

ጉዞውን ከአውሮፓ ኅብረት አገር የገዛ ዲያስፖራ ደግሞ የሚቆምበት መሬት ይለያል። መኪናና ማረፊያ በአንድ ጥቅል ከተሸጠለት፣ ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኅብረቱ መመሪያ፣ ቃል ከተገባው የጎደለ አገልግሎት ሲሰጠው የዋጋ ቅናሽ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አዘጋጁ ጉዞውን ከሰረዘ ገንዘቡ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ተጠያቂውም ጥቅሉን ያዘጋጀው ድርጅት ነው እንጂ ሚዛን ላይ ጭቃ የሚፍቀው ሹፌር አይደለም።

ቁርስ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ገና አልተነሱም። እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ፕሮግራሙን ያነባል፦ «3ኛ ቀን፣ ማጂ፣ እንደ መንገዱ ሁኔታ።» አስጎብኚው ሁለት ቀን ጠብቀው ካልደረቀ በቴፒ በኩል የሸካን ጫካ ላሳያችሁ፣ የፓርኩንም ወጪ ልቀንስ ይላል። እንግዳው ሁለተኛ ቡና ያዛል፤ ሹፌሩ ዱላውን ጥሎ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል።