በአንጎል ውስጥ የሚያብጥ የደም ሥርና በሽቦ የሚሰጠው ሕክምና ውጤት

በጂቡቲ ሙቀት ራስ ምታት የማያውቀው ሰው የለም። ከግንቦት ጀምሮ ወደ እኛ ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ ነገራቸውን «ራሴን» ብለው ነው የሚጀምሩት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የውሃ ማነስ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳት ወይም ጭንቀት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ከእነዚህ ሁሉ ስለሚለይ አንድ ራስ ምታት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባልባላ ሰፈር የምትኖር አንዲት የአገራችን ሴት ልብስ እያጠበች ሳለች ድንገት ጮኸች። «ጭንቅላቴን በመዶሻ የመቱኝ መሰለኝ» ብላ ተቀመጠች፤ አስታወካትም። ጎረቤቶቿ «ምች ነው» ብለው ከድሬዳዋ የመጣ ደረቅ ዳማከሴ አሸተቷት። እኔ ተጠርቼ ስደርስ ሻል ብሏት ታወራ ነበር። ግፊቷን ለካሁ፣ ከፍ ያለ ነበር። ፓራሲታሞል ሰጥቼ «ፀሐይ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን እንደዚያው ጮኻ ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ምርመራ ስላልተደረገ በሽታው ይህ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ምልክቱ ግን አንድ በአንድ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነበር፣ እኔም አንብቤው ነበር።

ይህ በሽታ በሕክምና ቋንቋ አኒዩሪዝም ይባላል። ደም ወደ አንጎል የሚወስዱት የደም ሥሮች በአንጎል ሥር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይከፋፈላሉ። በመከፋፈያው ላይ የደሙ ግፊት ስለሚበረታ፣ ግድግዳው የሳሳ ከሆነ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይነፋል። ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ በሳሳው በኩል እንደሚያብጠው ማለት ነው። ከ100 አዋቂ ሰዎች በ3ቱ ያህል ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ያለ እብጠት ይገኛል፤ አብዛኞቹ ግን ሳይፈነዳባቸው፣ መኖሩንም ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዛሬ ማታ እንቅልፍ እንዳታጡ። ሲጋራ የሚያጨሱ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ እናት አባት ወይም እኅት ወንድም በዚህ በሽታ የታመመባቸው ሰዎች የበለጠ ያሰጋቸዋል፤ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ጫትም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ከጫት ጋር ሲጋራ የሚደራርቡ ወገኖቼ ይህችን ዓረፍተ ነገር ዘለው እንደሚያልፏት አውቃለሁ።

እብጠቱ ሲፈነዳ ደሙ በአንጎል ዙሪያ ይፈስሳል። ከሚፈነዳባቸው ሰዎች ሢሶ ያህሉ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሆስፒታል እንኳ አይደርሱም። የተረፈው ሰው ላይ ደግሞ ያው ቀዳዳ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል። ይህ አደጋ ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ገዳይ ነው። ሕክምናው ሁሉ የሚሮጠው ይህን ሁለተኛውን ለመቅደም ነው።

ቀድሞ የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ የራስ ቅልን ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብረት ቆንጣጭ ማነቅ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1937 የጀመሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ዳንዲ ናቸው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ሁለተኛው መንገድ ጭንቅላትን አይከፍትም። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ያስገባል፤ በራጅ እያየ እስከ አንጎል ድረስ ይገፋዋል፤ ከዚያም በቱቦው ውስጥ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር የፕላቲኒየም ሽቦ ወደ እብጠቱ ይለቃል። ሽቦው እንደ ክር ድውር ተጠቅልሎ እብጠቱን ይሞላዋል፤ በዙሪያውም ደም ይረጋና ቀዳዳው ይዘጋል። ይህን ሽቦ ጣሊያናዊው ሐኪም ጊዶ ጉሊየልሚ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1990 በሰው ላይ ተጠቀሙበት።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ይህን ለመለየት በአብዛኛው በእንግሊዝ አገር በሚገኙ ሆስፒታሎች እብጠታቸው የፈነዳባቸው 2,143 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በቆንጣጭ፣ ግማሾቹ በሽቦ ታከሙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው ርዳታ መኖር የማይችሉት በቆንጣጭ ከታከሙት መካከል ከ100ው 31 ያህሉ ሲሆኑ፣ በሽቦ ከታከሙት ግን 24 ያህሉ ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበረ ሕመምተኛ መቀበሉ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ይሁን እንጂ ሽቦውም ጉድለት አለው። ውሎ አድሮ ሊጠቀጠቅና እብጠቱ እንደገና ሊከፈት ይችላል። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ጊዜ መታከም ያስፈለጋቸው በሽቦ ከታከሙት ከ100ው 17 ያህል፣ በቆንጣጭ ከታከሙት ግን 4 ያህል ነበሩ። በሽቦ የታከመ ሰው በየጊዜው ተመልሶ መታየት ያለበት ስለዚህ ነው።

አሁን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን። «ሕክምናው ተሳክቷል» ሲባል ሰው ሁሉ ሕመምተኛው ተነሥቶ ይሄዳል ብሎ ይጠብቃል። ሽቦው የሚከላከለው ሁለተኛውን መፍሰስ ነው፤ የመጀመሪያው ያበላሸውን አንጎል አይጠግንም። ሲደርስ ራሱን አውቆ የሚናገር ሰው ተስፋው ሰፊ ነው፤ ራሱን ስቶ የደረሰው ግን ሽቦው ፍጹም ሆኖ ቢገባለትም ላይነቃ ይችላል። ደሙ ከፈሰሰ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የአንጎል የደም ሥሮች ሊጨማደዱና ስትሮክ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኒሞዲፒን የሚባለው መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሌሊትም ይሰጣል፤ አስታማሚዎች «ተኝቷል፣ አንቀስቅሰው» ብላችሁ አትዝለሉት። በእግሩ ቆሞ ከወጣም በኋላ ብዙ ሰው ለወራት ይደክመዋል፣ ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል። ስንፍና ወይም ጠባይ መለወጥ አይደለም።

ሳይፈነዳ በሌላ ምርመራ የተገኘ እብጠት ስሌቱ ሌላ ነው። ያልፈነዳን እብጠት በሽቦ ሲያክሙ ከ100 ሰዎች በ5ቱ ያህል ላይ ከሥራው የተነሣ ጉዳት ይደርሳል። ከ7 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና በአንጎል ፊት በኩል ያለ እብጠት ደግሞ የመፈንዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ግፊትህን ጠብቅ፣ ሲጋራ ተው፣ በየጊዜው እንየው» ቢል ስደተኛ ስለሆናችሁ የናቃችሁ አይምሰላችሁ። ሀብታም አገር ያለ ሰውም ይህንኑ ይባላል።

ሽቦውን የሚያስገባ ሐኪምና መሣሪያ ያለባቸው ቦታዎች በአካባቢያችን ጥቂት ናቸው። በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ አክሶን የሚባል የስትሮክና የአከርካሪ ሕክምና ማዕከልም አለ። ወደዚያ ለመመለስ የማንችል ሰዎች መኖራችንን ግን እርስ በርሳችን እናውቃለን። ከአገር ወጥቶ ለመታከም የሚደረገው የሪፈር ሥራም ጊዜ ይወስዳል። በእጃችን ያለው የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት።

እናም በጎ ፈቃደኞች፣ ራሱን ያመመውን ሰው ሁሉ «እንዴት ነው የጀመረህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሰከንዶች ውስጥ ጫፍ ከደረሰ፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ አሞት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ማስታወክ፣ የአንገት መገተር፣ የዐይን ቆብ መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ከተጨመረበት፣ ሕመሙ ቢተወውም እንኳ ወደ ሐኪም ይሂድ። አስፕሪንና ዲክሎፍናክ አትስጡ፤ የደም መርጋትን ያዳክማሉ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ምንም አይግባ፣ ጸበልም ቢሆን በግንባሩ ይረጭ እንጂ አይጠጣ። የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት ጻፉ። ሲቲ ስካን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ከተነሣ የፈሰሰውን ደም ሳያሳይ አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ቀናት ካለፉ ግን ሊሰውረው ስለሚችል በወገብ መርፌ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ከአሊ አዴህ፣ ከሆል ሆል ወይም ከማርካዚ ጂቡቲ ከተማ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ስለሆነ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ማለት እነዚያን ሰዓታት ይበላል።

በሌላ አገር ሽቦ የተደረገላችሁ ካላችሁ የተሰጣችሁን ካርድና የምስሉን ሲዲ ከመታወቂያችሁ ጋር አኑሩ፣ ለእኛም አሳዩን።