ኪሮሽና የእጅ አንጓ

የኪሮሽ ዳንቴል በየቤታችን አለ፤ ልብ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። የሶፋ መደገፊያ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አናት፣ ሙሽራ አልጋ ላይ ይነጠፋል፤ እንግዳ ቡና ይደፋበታል፤ ታጥቦ ተመልሶ ይነጠፋል። ሹራብ የሚሠራ ማሽን አለ፣ ጨርቅ የሚሸምን ማሽንም ሞልቷል። ኪሮሽ የሚመስል ነገር የሚያወጡ ፋብሪካዎችም አይጠፉም። እውነተኛው ኪሮሽ ግን ዛሬም የእጅ ሥራ ነው። አሠራሩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፦ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ስቦ ማውጣት፣ ደግሞ መሳብ። አንድ የአልጋ ልብስ እስኪያልቅ ይህቺው እንቅስቃሴ ብዙ ሺህ ጊዜ ትደጋገማለች። የምትደጋገመውም በአንድ የእጅ አንጓ ላይ ነው።

መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ የሚኖሩ አክስት አሉኝ፤ ኪሮሻቸውን ከያዙ ቤት ቢቃጠል አያዩም። ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጃቸው ይደነዝዛል፣ ያቃጥላቸዋል፤ ተነሥተው ያራግፉታል። «ብርድ ነው፣ ልጄ። ከመንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል» ይላሉ። «እትዬ፣ ኪሮሹ ነው እኮ» ስላቸው ተቆጡ። «ኪሮሽማ ዕረፍቴ ነው! ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ምን ያደርገኛል?»

መርሐቤቴ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንደሳቸው ነው የሚያስበው። እጅ ሲያም ወይ ብርድ ነው ወይ ወለምታ። ለብርዱ ቅባት፣ ለወለምታው ወጌሻ። ድሬዳዋ በላብ ተጠምቃ ኪሮሽ የምትሠራ ሴትም ይኸው ሕመም ያገኛታል፤ እሷን ምን ብርድ መታት እንበል?

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ አጥፉ። በሌላው እጃችሁ ከክርናችሁ ዝቅ ያለውን ሥጋ ዳስሱ፤ ከሥር ሲርመሰመስ ይሰማችኋል። ጣትን አጥፎ የሚይዘው ዋናው ጡንቻ እዚያ እንጂ ጣት ውስጥ አይደለም። ከጡንቻው እስከ ጣት የሚሄዱት ጅማቶች የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይመስላሉ፦ የሚሳበው አንድ ቦታ፣ የሚይዘው ሌላ ቦታ። ሽቦዎቹ ሁሉ የሚያልፉት ደግሞ በአንጓው ሥር ባለች አንዲት ጠባብ መሹለኪያ ነው። ወለሏና ግድግዳዋ አጥንት፣ ጣሪያዋ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ እዚያ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ኪሮሹን አጥብቃችሁ በያዛችሁ ቁጥር ጅማቶቹ ይሳባሉ፤ ሲደጋገምባቸው ዙሪያቸው ሊያብጥ ይችላል። አጥንቱ ቦታ አይለቅም፤ ስለዚህ የሚጨመቀው ነርቩ ነው። ነርቩ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ አመልካችን፣ መሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿን ጣት አይነካም። ደንዝዞ ያደረው እጅ ትንሿን ጣት ከተወ፣ ነገሩ ከአንጓው ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው።

ታዲያ ሌሊት ለምን ይብሳል? ብርድ የሚባለው ስሕተት ሥሩ ይህ ይመስለኛል። አንጓ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሲታጠፍ በመሹለኪያዋ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። አብዛኞቻችን ስንተኛ እጃችንን አጥፈን፣ አንዳንዴም ጉንጫችን ሥር አድርገን ነው። የደጋ ውርጭ የሚወርደውም በዚያው ሰዓት ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ጥፋቱ ለውርጩ ተሰጠ። አክስቴ እጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ይተኛሉ፤ ጋቢው ውስጥ ግን እጁ እንደታጠፈ ነው! በጋቢው ፋንታ አንጓው ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚደግፍ ነገር ይሻላል። ፋርማሲ የሚሸጠው መደገፊያ ካልተገኘ፣ አነስ ያለ ፎጣ ላላ አድርጎ አንጓው ላይ መጠቅለል እንዳይታጠፍ ይረዳል። ማጥበቅ የለም፤ ከጠበቀ ያው መጨመቅ ነው።

ሕመሙ በአውራ ጣት በኩል፣ ከአንጓው ጎን ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የስዊስ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፈበት የጅማት ሽፋን ሕመም ሊሆን ይችላል። ከዚያም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1713፣ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ጸሐፊዎችን የሚጎዳቸው መቀመጥ፣ እጅን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስና የአእምሮ ድካም ነው ብሎ ነበር። ብራና ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉ ቁም ጸሐፊዎቻችን ቢጠየቁ ይህን ለማወቅ ጣሊያን ባላስኬደን።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። የሠርግ ትእዛዝ ተቀብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ የምትቀመጡ፣ ጥፋቱ የኪሮሹ ሳይሆን የአያያዛችሁ ነው። ብረቱ ቀጭን በሆነ ቁጥር ጣት አጥብቆ ይቆነጥጠዋል። መፍትሔው ሳንቲም አያስወጣም፦ ከብስክሌት ጥገና ቤት የተጣለ ከመነዳሪ ቁራጭ ለምናችሁ ወይም አሮጌ ጨርቅ ቀዳችሁ እጀታውን አወፍሩት። እንደ እርሳስ የያዘች አንዳንዴ እንደ ቢላዋ ትያዘው። ኪሮሹ ወደ ቀለበቱ ሲገባ እየታገለ ከሆነ ክሩን አጥብቃችኋል፤ አላሉት። እያደገ የሚሄደውን አልጋ ልብስ በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ አትያዙ፤ ጭናችሁ ላይ ይረፍ፣ ክርናችሁም ትራስ ላይ።

የመንዝ ሴቶች ሱፍ ሲፈትሉ እንዝርቱን ያሽከረክሩትና ይለቁታል፤ ጣት በየመሐሉ ይፈታል። ኪሮሽ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ መፍታቱን ራሳችሁ አስቡበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስቀምጡትና ጣታችሁን ዘርጉ። ከኪሮሽ ተነሥቶ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መውቀጥ ደግሞ ዕረፍት አይባልም፤ ያው ጡንቻ ነው የሚሠራው። ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት ብላ እንዝርት የማትነካ ሴት ኪሮሽን ግን «ጨዋታ ነው» ብላ ስታነሣ አይቻለሁ። በዓሉን ለአንጓዋም ብታከብርለት ምን አለ?

ወጌሻ ለወለምታ ይሁን። የተጨመቀ ነርቭን መጎተትና ማሸት ግን አይፈታውም፤ ሊያባብሰውም ይችላል። ማስታገሻ እንክብልም ቢሆን ጨጓራ ላለበት ሰው ሐኪም ሳያማክሩ የሚወሰድ አይደለም። ድንዛዜው ቀን ቀንም ካልለቀቀ፣ ስኒ ከእጅ ካመለጠ፣ ወይም የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከሄደ መቆየት አይገባም። ዓለም ከተማ ላይ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ፤ መጀመሪያ እዚያ መታየት ነው። ስኳርና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ይህንኑ ድንዛዜ ስለሚያመጡ ሐኪሙ ስለነሱ ቢጠይቅ አትገረሙ። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወለደች በኋላ እየለቀቀ ይሄዳል፤ እስከዚያው ማታ አንጓዋን ቀጥ አድርጋ ትተኛ፣ ዳንቴሉም ይጠብቃት።