አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማካፈል

የአይቢኤም ፓወር ሰርቨር ከውጭ ሲያዩት አንድ ማሽን ነው። በውስጡ ግን ራሳቸውን የቻሉ ብዙ ክፍልፋዮች ይሠራሉ፤ አንዱ የባንክ ሒሳብ ሲይዝ ሌላው ደመወዝ ያሰላል። ለእያንዳንዳቸው የዲስክ ማገናኛ ካርድ መግዛት ግን ኪስ ይጎዳል።

መላው በ2004 እ.ኤ.አ. ከፓወር 5 ጋር መጣ። ቪአይኦኤስ የሚባል ልዩ ክፍልፋይ ካርዶቹን ይይዝና ለሌሎቹ ያካፍላል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በቨርቹዋል ስካዚ ዲስኩ መጀመሪያ ለቪአይኦኤስ ይሰጣል፤ እሱም ለክፍልፋዩ ያስተላልፋል። ኋላ በመጣው ኤንፒአይቪ ግን ክፍልፋዩ በራሱ መለያ ዲስኮቹ ካሉበት ስቶሬጅ ጋር ይገናኛል፤ ቪአይኦኤስ መተላለፊያ ብቻ ይሆናል።

ጣጣው ያለው መለያው ላይ ነው። ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ይህ ባለ16 ምልክት መለያ ለአንድ ቨርቹዋል ካርድ ጥንድ ሆኖ ይሰጣል። በአዘቦቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን ሰርቨሩን ከስቶሬጁ ጋር በሚያገናኘው ስዊች ላይ ሳይመዘግቡ ማለፍ ቀላል ነው። ለጊዜው ሁሉም ሰላም ይመስላል። ክፍልፋዩን ሥራ ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ሲፈለግ ግን ተረኛው ሁለተኛው መለያ ነው፤ ስዊቹ ካላወቀው ዝውውሩ ይከሽፋል።

ስለዚህ ሁለቱንም መለያዎች ከመጀመሪያው ይመዝግቡ። ቪአይኦኤሱንም ሁለት ያድርጉት፤ አንዱ ለጥገና ሲቆም ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።